ኤችኤምኦ፣ ፒፒኦ ወይስ ባለ ትልቅ ዲዳክቲብል? የጤና ኢንሹራንስ ስትመርጡ የቤት ሥራውንም እያያችሁ ምረጡ

አሜሪካ ውስጥ የጤና ኢንሹራንስ መምረጫው ሰሞን ሲደርስ አብዛኞቻችን የምናየው አንድ ቁጥር ነው፤ በየሁለት ሳምንቱ ከደሞዝ ስንት እንደሚቆረጥ። የሥራ ባልደረባ «እኔ ርካሹን ነው የያዝኩት፣ ምንም አልሆንኩም» ይላል፣ እኛም እሱን ተከትለን እንጫናለን። ጥያቄው የሚነሳው ቢል ሲመጣ ነው። «ኢንሹራንስ አለኝ እኮ፣ ምን ክፈል ነው የምባለው?» ክሊኒኩ ጋ ሲደወል ኢንሹራንሱን ጠይቁ ይላል። ኢንሹራንሱ ጋ ሲደወል ክሊኒኩ ኮዱን ያስተካክል ይላል። መሀል ላይ የቀረው በሽተኛ ወይ ይከፍላል፣ ወይ ቢሉን መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል፣ ከወራት በኋላ ኮሌክሽን፣ ዕዳ ሰብሳቢው ድርጅት፣ ይደውልለታል።

እያንዳንዱ ፕላን ከዋጋው ጋር የራሱን የቤት ሥራ ይዞ ይመጣል። አንዱ ሐኪም ጋ ከመሄዳችሁ በፊት ያሠራችኋል፣ ሌላው ቢሉ ከመጣ በኋላ፣ ሌላው ደግሞ ዓመቱን ሙሉ። ስለዚህ «የቱ ይረክሳል?» ከማለት በፊት «የትኛውን የቤት ሥራ መሥራት እችላለሁ?» ብሎ ራስን መጠየቅ ያዋጣል። እኔም ፕላኖቹን የማወዳድረው በዚሁ መለኪያ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ኢንሹራንሱ ምን የማሳወቅ ግዴታ አለበት?

ሀገር ቤት ብዙ ቦታ ካርድ አውጥተን፣ ከፍለን ነው ሐኪሙ ጋ የምንገባው። የላቦራቶሪውም የራጁም ዋጋ ቀድሞ ይነገረናል፤ ካልቻልን እንቀራለን፣ ከቻልን እንከፍላለን። እዚህ ዋጋው የሚታወቀው ከታከምን ከሳምንታት በኋላ በፖስታ ሲመጣ ነው። ሕጉ ይህን ክፍተት በመጠኑ ለመድፈን ሞክሯል፤ የሞከረውን ግን አብዛኛው ሰው አይጠቀምበትም።

አንደኛው የሽፋን ማጠቃለያው ነው። በ2010 የወጣው የጤና ሕግ፣ ሁላችንም ኦባማኬር የምንለው፣ ኢንሹራንሶች ሁሉ ቅርጹና ቅደም ተከተሉ አንድ ዓይነት የሆነ ማጠቃለያ እንዲሰጡ አስገድዷል፤ ከ2012 ጀምሮም እየተሠራበት ነው። በፊትና በጀርባ ከ4 ቅጠል እንዳይበልጥ፣ ፊደሉም እንዳያንስ ተወስኗል። ጥቅሙ ሁለት ፕላን ጎን ለጎን አስቀምጦ መስመር በመስመር ማየት መቻሉ ነው። መጨረሻው ላይ ሦስት ምሳሌዎች አሉ፤ አንዲት ሴት ስትወልድ፣ አንድ የስኳር ሕመምተኛ ዓመቱን ሲታከም፣ አንዲት ሴት አጥንቷ ተሰብሮ ኢመርጀንሲ ስትሄድ በዚያ ፕላን በግምት ስንት ከኪሳቸው እንደሚወጣ ያሳያሉ። ሌላውን ለማንበብ ጊዜ ካጣችሁ ይህን ገጽ ብቻ አወዳድሩ። ወርሃዊው ክፍያ፣ ፕሪሚየም የሚባለው፣ እዚያ ሒሳብ ውስጥ እንዳልገባ ግን አትርሱ። ማጠቃለያው ካልተላከላችሁ ጠይቁ፤ ኢንሹራንሱ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መስጠት አለበት።

ሁለተኛው የዶክተሮች ዝርዝር ነው። ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለ ሕግ ኢንሹራንሶች ኔትወርካቸው ውስጥ ያለውን፣ ማለትም በዋጋ ከእነሱ ጋር የተዋዋለውን፣ ሐኪም ዝርዝር ቢያንስ በየ90 ቀኑ እንዲያጣሩ ያዛል። ዝርዝሩ ላይ «ኔትወርክ ውስጥ ነው» የተባለ ዶክተር ጋ ሄዳችሁ በኋላ «ወጥቷል» ቢባል፣ እናንተ የምትከፍሉት ኔትወርክ ውስጥ እንዳለ ተቆጥሮ ነው። መብቱ አለ፤ ማስረጃው ግን የእናንተ ነው። ቀጠሮ ስትይዙ ገጹን ስክሪንሾት አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ ቀኑም ይታይ።

ሦስተኛው ቋንቋ ነው። የፌዴራል ገንዘብ የሚነካቸው ኢንሹራንሶችና ሆስፒታሎች አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ አለባቸው። በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዲሲ ከኢንሹራንስ የሚመጣ ደብዳቤ መጨረሻ ላይ በተለያየ ቋንቋ የተደረደሩ አጫጭር መስመሮች ታያላችሁ፤ አንዱ አማርኛ ነው። ለጌጥ አልተጻፈም። ደውላችሁ «አምሃሪክ» ብትሉ አስተርጓሚ በሌላ መስመር ያስገቡላችኋል። የ11 ዓመት ልጅ ስለ እናቱ የማሕፀን ምርመራ ቆሞ ሲያስተረጉም ማየት የለመድነው ነገር ነው። ሕጉ ግን ከድንገተኛ አደጋ በቀር ሕፃናትን ለዚህ ሥራ መጠቀምን ይከለክላል፤ ለልጁም ለእናቱም ይበጃል።

በሥራ ቦታ የተገኘ ኢንሹራንስ ከሆነ አንድ ተጨማሪ ሰነድ አለ። አሠሪው የፕላኑን ማብራሪያ መጽሐፍ ኢንሹራንሱ በጀመረላችሁ በ90 ቀን ውስጥ መስጠት አለበት። ሙሉውን የፕላን ውል በጽሑፍ ከጠየቃችሁ 30 ቀን አለው፤ ካዘገየ ፍርድ ቤት በቀን እስከ 110 ዶላር ሊቀጣው ይችላል። ማብራሪያ መጽሐፉና ውሉ ሲጣሉስ? የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2011 በሰጠው ውሳኔ ማብራሪያ መጽሐፉ ራሱ ውል አይደለም ብሏል፤ የተሳሳተ ማብራሪያ ለጎዳው ሰው ግን ፍርድ ቤት ሌላ መፍትሔ ሊሰጥ እንደሚችል በሩን ክፍት ትቷል። ባጭሩ የሚገዛው ውሉ ነው።

እናንተስ?

«አላነበብኩም» ወይም «እንግሊዝኛው ከብዶኝ ነው» የሚል መልስ በአጠቃላይ ከክፍያ አያድንም። ስልክ ላይ «ይሸፈናል» ብትባሉ እንኳ፣ ከመስመሩ መጀመሪያ የተቀዳው ድምፅ «ይህ መረጃ ለክፍያ ዋስትና አይሆንም» ብሎ አስቀድሞ ራሱን ነጻ አውጥቷል። እኔ ብጠየቅ ሚዛኑ የተዛባ ነው እላለሁ። አንዱ ወገን የሕግ ባለሙያ ቀጥሮ የጻፈውን ሌላው በምሳ እረፍቱ፣ በሁለተኛ ቋንቋው እንዲረዳው ይጠበቅበታል። እድር እንኳ ደንቡን በስብሰባ ላይ ጮክ ብሎ ያነባል። ቢሆንም ቢሉ በስማችን ስለሚመጣ፣ ሚዛኑ እስኪስተካከል መጠበቅ አያዋጣም። ከዚህ በታች ያሉትን ፕላኖች በዚህ ዓይን ተመልከቷቸው።

ኤችኤምኦ፦ የቤት ሥራው መጀመሪያ ላይ ነው

ኤችኤምኦ ማለት አንድ ፕራይመሪ ዶክተር ትመርጣላችሁ፣ ወደ ስፔሻሊስት የምትሄዱት እሱ ሪፈራል ሲጽፍላችሁ ነው፣ ከኔትወርኩ ውጭ ከሄዳችሁ ደግሞ ከኢመርጀንሲ በቀር ሁሉንም ከኪሳችሁ ትከፍላላችሁ። ዋሽንግተን አካባቢ ብዙ ሰው የሚያውቀው ካይዘር ነው፤ ኢንሹራንሱም ሐኪሙም ላቦራቶሪውም ፋርማሲውም በአንድ ቤት ያሉበት አሠራር ነው።

ሰው የሚያማርረው ሪፈራሉን ነው። «ጉልበቴን ነው የሚያመኝ፣ ለምን መጀመሪያ እሱ ጋ እሄዳለሁ?» ይላል። ቅሬታው ልክ ነው፣ ጊዜ ያስረዝማል። ግን በልዋጩ የምታገኙትን እዩ። የት እንደምትሄዱ ይነገራችኋል፣ የምትላኩት ኔትወርክ ውስጥ ወዳለ ሐኪም ነው፣ ክፍያውም አብዛኛውን ጊዜ 20 ወይም 40 ዶላር የሚል የታወቀ ኮፔይ ነው። ለማወቅ ከሚያስፈልገው ነገር ግማሹን ፕላኑ ይሸከምላችኋል። እንግሊዝኛ ለሚከብዳቸው፣ ስኳርና ደም ግፊት ይዘው በየወሩ ለሚመላለሱ ወላጆች፣ ከሀገር ቤት በቅርብ ለመጡ ሰዎች እኔ አብዛኛውን ጊዜ የምመክረው ይህን ነው።

የማይሆነውስ ለማን? ልጁ ሌላ ስቴት ኮሌጅ ለገባ ቤተሰብ፣ ረጅም መንገድ ለሚነዳ የትራክ ሾፌር፣ ከዓመታት ጀምሮ የሚያምነው ሐኪም ኔትወርኩ ውስጥ ለሌለ ሰው። ሪፈራል ሳይዝ የሄደም ሰው ሙሉውን እንደሚከፍል ይወቅ።

ኢፒኦ የሚባለው የዚህ ዘመድ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ሪፈራል አይጠይቅም፣ ከኔትወርክ ውጭ ግን ከኢመርጀንሲ በቀር አይከፍልም። ስሙ ፒፒኦን ስለሚመስል ብቻ እንዳትሸወዱ።

ፒፒኦ፦ ነጻነቱ ሰፊ ነው፣ ቢሉም ይሰፋል

ፒፒኦ ሪፈራል አይጠይቅም፣ ከኔትወርክ ውጭም ይከፍላል ይባላል። «ይከፍላል» የሚለው ላይ ነው መቆም ያለብን። እንበል ከኔትወርክ ውጭ ያለ የቆዳ ሐኪም 900 ዶላር ጠየቀ። ኢንሹራንሱ ለዚህ ሥራ «ተገቢው ዋጋ 400 ነው» ይላል። ከኔትወርክ ውጭ 60 በመቶ እከፍላለሁ ብሎ ስለነበር የ400ውን 60 በመቶ፣ 240 ዶላር ይከፍላል። ለእናንተ የቀረው 160 ነው? አይደለም። ሐኪሙ ከኢንሹራንሱ ጋር ውል ስለሌለው የተረፈውን 500ም መጠየቅ ይችላል። ድምሩ 660 ዶላር ከኪሳችሁ ነው፣ ዲዳክቲብሉን፣ ማለትም ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት የምትሸፍኑትን፣ ጨርሳችሁ ከሆነ ማለት ነው። ይባስ ብሎ ያ 500 በዓመቱ የክፍያ ጣሪያችሁ፣ በዓመት ከኪሳችሁ ከዚህ በላይ አይወጣም በሚባለው ገደብ፣ ውስጥ አይቆጠርም።

ስለዚህ ፒፒኦ የያዘ ሰው ክሊኒክ ሲደውል የሚጠይቀውን ማስተካከል አለበት። «ኢንሹራንሴን ትቀበላላችሁ?» ብላችሁ ብትጠይቁ ዴስክ ላይ ያለችው ልጅ «አዎ» ትላለች፤ እውነቷን ነው፣ ካርዳችሁን ተቀብላ ለኢንሹራንሱ ክሌም፣ የክፍያ ጥያቄ፣ ትልካለች። መጠየቅ ያለባችሁ «በዚህ ስም በሚጠራው ፕላን ኔትወርክ ውስጥ ናችሁ?» ብላችሁ፣ የፕላኑን ስም ከካርዱ ላይ እያነበባችሁ ነው። አንድ ኩባንያ ብዙ ኔትወርክ አለው፤ የኩባንያው ስም ብቻ ምንም አይናገርም።

ከ2022 ወዲህ ሕጉ አንድ ትልቅ ሸክም አንስቷል። ኢመርጀንሲ ገብታችሁ ሐኪሙ ከኔትወርክ ውጭ ቢሆን፣ ወይም ኔትወርክ ውስጥ ባለ ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና አድርጋችሁ ማደንዘዣ የሰጠው ሰው ከኔትወርክ ውጭ ቢሆን፣ የምትከፍሉት እንደ ኔትወርክ ውስጥ ነው። በሄሊኮፕተር መወሰድም ይሸፈናል፤ በመንገድ የሚሄደው አምቡላንስ ግን በፌዴራል ሕጉ ውስጥ አልገባም። አንድ ቀዳዳ ደግሞ አለ፣ እሱም ፊርማ ነው። ከኔትወርክ ውጭ ያለ ሐኪም ለቀጠሮ ሕክምና «መብቴን ትቻለሁ» የሚል ወረቀት ሊያስፈርማችሁ ይችላል። ለኢመርጀንሲ፣ ለማደንዘዣ፣ ለራጅና ለናሙና ምርመራ ማስፈረም አይችልም። በክሊፕቦርድ ላይ ከሌሎች ወረቀቶች ጋር ተደርቦ ሲመጣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ አትፈርሙ።

ባለ ትልቅ ዲዳክቲብል ፕላን፦ ዓመቱን ሙሉ ሒሳብ

ዲዳክቲብል ማለት ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት እናንተ የምትሸፍኑት ነው። በ2026 ሕጉ «ባለ ከፍተኛ ዲዳክቲብል» የሚለው ለአንድ ሰው ቢያንስ 1,700፣ ለቤተሰብ 3,400 ዶላር ሲሆን ነው። ከእሱ ጋር ኤችኤስኤ የሚባል የቁጠባ ሒሳብ መክፈት ይቻላል፤ ለአንድ ሰው እስከ 4,400፣ ለቤተሰብ እስከ 8,750 ዶላር ከታክስ ነጻ ማስገባት ይፈቀዳል። ገንዘቡ በዓመቱ መጨረሻ አይቃጠልም፣ ሥራ ብትለቁም የእናንተ ነው። ኤፍኤስኤ ከሚባለው ጋር አታምታቱት፤ የእሱ ገንዘብ በአብዛኛው በጊዜው ካልተጠቀማችሁበት ይጠፋል።

አሁን ሁለት የተለመዱ ፕላኖች በቁጥር እንያቸው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው፣ የራሳችሁን ተኩባቸው። ፒፒኦው በየሁለት ሳምንቱ 90 ዶላር ይቆርጣል፣ በዓመት 2,340። ዲዳክቲብሉ 500፣ ከዚያ በኋላ 20 በመቶ የእናንተ፣ የዓመቱ ጣሪያ 4,000። ርካሹ፣ ባለ ትልቅ ዲዳክቲብሉ፣ 35 ዶላር ይቆርጣል፣ በዓመት 910። ዲዳክቲብሉ 3,400፣ ከዚያ 20 በመቶ፣ ጣሪያው 6,500፤ አሠሪው ኤችኤስኤ ውስጥ 750 ያስገባላችኋል።

ጤነኛ ሆናችሁ ከመከላከያ ምርመራ በቀር ምንም ባትታከሙ፣ ፒፒኦው 2,340 ወሰደባችሁ፤ ርካሹ የአሠሪው 750 ሲቀነስ 160 ብቻ። ልዩነቱ ግልጽ ነው። ኤምአርአይ፣ ስፔሻሊስትና ጥቂት ፊዚዮቴራፒ ተደምሮ 3,000 ዶላር የሆነበት ዓመት ቢመጣ፣ በፒፒኦው ከኪስ 1,000 ወጥቶ ድምሩ 3,340 ይሆናል። በርካሹ 3,000ውን ሙሉ ትከፍላላችሁ፣ ፕሪሚየሙ ተደምሮ 750ው ሲቀነስ 3,160። እኩል ሊሆኑ ምንም አልቀራቸው። 40,000 ዶላር የፈጀ ቀዶ ሕክምና ቢመጣስ? ሁለቱም ጣሪያቸውን ይነካሉ፤ ፒፒኦው 6,340፣ ርካሹ 6,660።

«ርካሹ ፕላን ሲታመሙ ያከስራል» የሚለው ወሬ ሁልጊዜ ልክ እንዳልሆነ ከዚህ ታያላችሁ። የሚለየው ገንዘቡ መቼ እንደሚወጣ ነው። ፒፒኦ በየደሞዙ ትንሽ ትንሽ ይቆርጣል። ባለ ትልቅ ዲዳክቲብሉ ጥር ላይ የታመመን ሰው የካቲት ላይ 3,000 ዶላር ይጠይቀዋል። ኤችኤስኤ ውስጥ ያጠራቀመ አይደነግጥም። ከደሞዝ ደሞዝ የሚኖር፣ ሀገር ቤትም የሚልክ ሰው ግን ቢሉን ፈርቶ ሕክምናውን ያራዝማል፤ የዚህ ፕላን ትልቁ አደጋ ይህ ነው። ፕሪሚየሙ የቀነሰላችሁን ልዩነት በየደሞዙ ኤችኤስኤ ውስጥ ካልከተታችሁ ይህን ፕላን አትምረጡ ብዬ በግልጽ እናገራለሁ።

በሁሉም ፕላኖች ላይ የሚሠራ አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። ዓመታዊ ቼክአፕ፣ ማሞግራም፣ ከ45 ዓመት ጀምሮ የአንጀት ካንሰር ምርመራ በሕጉ መሠረት ያለ ክፍያ ነው። ግን በቼክአፑ መሀል «ዶክተር፣ ትከሻዬንም ያመኛል» ስትሉ ሐኪሙ ትከሻውን አይቶ ሌላ ኮድ ሊጨምር ይችላል፤ የዚያ ቢል የእናንተ ነው። ትከሻው ካመማችሁ ተናገሩ እንጂ፣ ቢሉ ሲመጣ ግን ከየት መጣ አትበሉ።

ከመንግሥት ገበያው ለሚገዙ

ኡበር የሚነዳ፣ ታክሲ ያለው፣ የራሱን ሱቅ የከፈተ ሰው የሚገዛው ከማርኬትፕሌስ ነው። ሜሪላንድ፣ ዲሲና ቨርጂኒያ የየራሳቸው አላቸው። እዚያ ፕላኖቹ በብረት ስም ይጠራሉ፤ ብሮንዝ በአማካይ ከወጪው 60 በመቶ፣ ሲልቨር 70፣ ጎልድ 80፣ ፕላቲነም 90 ይሸፍናሉ።

ገቢያችሁ ከፌዴራሉ የድህነት መስመር ከ200 በመቶ በታች ከሆነ ሲልቨርን ሳታዩ ብሮንዝ አትግዙ። ዲዳክቲብልና ኮፔይ የሚቀንሰው ልዩ ድጎማ የሚሰጠው በሲልቨር ላይ ብቻ ነው፤ እስከ 150 በመቶ ላለ ሰው ሲልቨሩ 94 በመቶ ይሸፍናል፣ ከፕላቲነም ይበልጣል ማለት ነው። ብሮንዝ በወር ዜሮ ስለሚል ብቻ ይህን የሚያጣ ወገን ብዙ ነው።

እዚህ ላይ የእናንተ ግዴታ ከባድ ነው፤ ገቢያችሁን በትክክል ገምቱ፣ ሲለወጥም አሳውቁ። ከ2026 የታክስ ዓመት ጀምሮ በትርፍ የተወሰደ የፕሪሚየም ድጎማ በሙሉ ይመለሳል፤ ድሮ የነበረው ጣሪያ ተነስቷል። ጥሩ ዓመት የሠራ ሾፌር ታክስ ሲያሠራ እንዳይደነግጥ በየጥቂት ወሩ ግምቱን ያስተካክል።

በዲቪ ለመጡም አንድ ነገር። በብዙ ስቴት አዋቂ የግሪን ካርድ ባለቤት ሜዲኬይድ፣ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጠውን የመንግሥት ኢንሹራንስ፣ ለማግኘት 5 ዓመት ይጠብቃል። ቀድሞ በዚያ ጊዜ ገቢው ከድህነት መስመር በታች ቢሆንም የማርኬትፕሌስ ድጎማ ያገኝ ነበር፤ ከ2026 ጀምሮ ይህ ቀርቷል። ስለዚህ እንደደረሱ የሚያገኙት ሥራ ኢንሹራንስ አለው ወይ የሚለው ከሰዓት ክፍያው እኩል መታየት ያለበት ጥያቄ ነው።

ኢንሹራንስ የሚመስሉ፣ ግን ያልሆኑ

በስልክ «ሙሉ ሽፋን በ120 ዶላር» የሚሉትን ተጠንቀቁ። የአጭር ጊዜ ፕላን፣ በቀን የተወሰነ ገንዘብ የሚሰጥ ፕላን፣ በሃይማኖት ማኅበር ስም የሚሰበሰብ የሕክምና መረዳጃ፣ ሁሉም የጤና ሕጉን ግዴታ አይሸከሙም። ነባር ሕመምን መከልከል ይችላሉ፤ የመጨረሻው ደግሞ የመክፈል ሕጋዊ ግዴታ እንኳ የለበትም። የአጭር ጊዜ ፕላኖችም እንኳ ይህን በጽሑፍ ስለሚያስጠነቅቁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ወረቀቱን በኢሜይል ላኩልኝ በሉ። አልክም ካለ ዝጉት።

ብዙ ቤት የሚገባው ደግሞ የጎብኚ ኢንሹራንስ ነው። ልጅ ሲወለድ እናት ከአዲስ አበባ ልታርስ ትመጣለች፤ 68 ዓመቷ ነው፣ የግፊትና የስኳር መድኃኒት ይዛለች። ኢንተርኔት ላይ ሁለት ዓይነት አለ። ርካሹ በዝርዝር የተወሰነ ይከፍላል፤ ለሆስፒታል አንድ ቀን ይህን ያህል፣ ለኢመርጀንሲ ይህን ያህል፣ የቀረው የቤተሰቡ ነው። ውዱ ከዲዳክቲብሉ በኋላ በመቶኛ፣ ከዚያም እስከ ጣሪያው ይከፍላል። ሆስፒታል ውስጥ አንድ ሌሊት ምን እንደሚያስከፍል ለሚያውቅ ሰው ርካሹ ለማስመሰያ ያህል ነው። ሁለቱም ግን ነባር ሕመምን በመርሕ አይሸፍኑም፤ አንዳንዶቹ «በድንገት የተነሳ» ከሆነ ብቻ፣ ያውም ዕድሜና የገንዘብ ገደብ አድርገው ይከፍላሉ። ለግፊት ክትትልና ለመድኃኒት ይከፍላል ብላችሁ አትጠብቁ፤ መድኃኒቷን ለቆይታዋ በሙሉ ይዛ ትምጣ። የአሜሪካ የጤና ሕግ እዚህ ብዙ ስለማይደርስ፣ ከሁሉም ፕላን ይልቅ ውሉን ማንበብ የእናንተ ዕዳ የሚሆነው በዚህኛው ነው።

ከመረጣችሁ በኋላ

ትልቅ ነገር ሲመጣ፣ ኤምአርአይም ቀዶ ሕክምናም ይሁን፣ መጀመሪያ ክሊኒኩን የሕክምናውን ኮድ ጠይቁ፤ ባለ አምስት ቁጥር ነው። ከዚያ ካርዱ ጀርባ ላይ ያለውን ቁጥር ደውሉ። ንግግሩ እንዲህ ቢሆን በቂ ነው፦

«ይህ ኮድ በእኔ ፕላን ይሸፈናል?»
«ይሸፈናል።»
«ቅድመ ፈቃድ ያስፈልገዋል?»
«አዎ፣ ከሐኪሙ መላክ አለበት።»
«ደርሷችኋል?»
«እስካሁን አላየሁም።»
«የዚህን ጥሪ ቁጥርና የእርስዎን ስም ይስጡኝ።»

የመጨረሻዋን ጥያቄ አትዝለሏት። በኋላ ክርክር ቢነሳ የተቀዳውን ድምፅ ፈልገው የሚያገኙት በዚያ ቁጥር ነው።

ከሕክምናው በኋላ ኢንሹራንሱ የሚልከው ማብራሪያ ከላይ «ይህ ቢል አይደለም» ይላል። አትጣሉት፣ አትክፈሉትም። ሦስት ቁጥር ፈልጉ፤ ክሊኒኩ የጠየቀው፣ ኢንሹራንሱ የፈቀደው፣ የእናንተ ድርሻ። ክሊኒኩ 1,240 ጠይቆ ኢንሹራንሱ 410 ፈቅዶ ከሆነ፣ ኔትወርክ ውስጥ ያለ ክሊኒክ ልዩነቱን 830 ከእናንተ መጠየቅ አይችልም። የክሊኒኩ ቢል ሲመጣ ከዚህ ወረቀት ጋር አስተያዩት፤ ካልተስማሙ ክፍያውን አቁማችሁ ደውሉ።

«አይሸፈንም» የሚል ደብዳቤ ቢመጣ ምክንያቱ መጻፍ አለበት። ይግባኝ ለማለት 180 ቀን አላችሁ። ሕክምናው ገና ካልተሰጠ ኢንሹራንሱ በ30 ቀን፣ ከተሰጠ በ60 ቀን፣ አስቸኳይ ከሆነ በ72 ሰዓት መወሰን አለበት። ከሐኪማችሁ «ለምን አስፈለገ» የሚል ደብዳቤ አያይዙ፤ ያለ እሱ ይግባኝ ባዶ ነው። እንደገና እምቢ ካሉና ጉዳዩ የሕክምና አስፈላጊነት ከሆነ፣ በ4 ወር ውስጥ ከኢንሹራንሱ ውጭ በሆነ ገምጋሚ እንዲታይ መጠየቅ ትችላላችሁ፤ የእሱ ውሳኔ ኢንሹራንሱን ያስገድደዋል።

ቢሉ ትክክል ሆኖ መክፈል ካልቻላችሁ፣ ለትርፍ ያልቆመ ሆስፒታል ሁሉ የእርዳታ መመሪያ እንዲኖረው የፌዴራል ሕግ ያስገድዳል፤ ከመጀመሪያው ቢል ቀን ጀምሮ 240 ቀን ድረስ ማመልከት ይቻላል፣ በብዙዎቹም ኢንሹራንስ ያለው ሰው ሳይቀር ያመለክታል።

አቤቱታ የምታቀርቡበት ቦታ ደግሞ በፕላኑ ዓይነት ይለያል፤ ይህንን ከመታመማችሁ በፊት ብታውቁት ጥሩ ነው። በትልልቅ መሥሪያ ቤት የሚሠራ ሰው ብዙውን ጊዜ የያዘው አሠሪው ራሱ የሚከፍልበትን ፕላን ነው፤ ካርዱ ላይ ያለው የኢንሹራንስ ኩባንያ ወረቀቱን ብቻ ያስተዳድራል። የዚህ አቤቱታ የሚሄደው ወደ ፌዴራሉ የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ ዲፓርትመንት ኦፍ ሌበር፣ ነው። አሠሪው ከኩባንያ የገዛው ወይም እናንተ ከማርኬትፕሌስ የገዛችሁት ከሆነ የስቴታችሁ የኢንሹራንስ ኮሚሽነር ነው የሚያየው። የትኛው እንደሆነ ኤችአርን በአንድ መስመር ኢሜይል ጠይቁ፣ መልሱንም አስቀምጡት።